የመዕራጅ ሌሊት፣ ዳንቴ እና የሐረሩ ገዥ

የመዕራጅ ታሪክ ለአርሲ ጢቾ ሙስሊም ልጅ አዲስ አይደለም። ነቢዩ ሙሐመድ በአንዲት ሌሊት በቡራቅ ከመካ ወደ ኢየሩሳሌም የሄዱበት፣ ከዚያም ሰባቱን ሰማያት አልፈው ያረጉበት ታሪክ ነው፤ ረጀብ 27 በመጣ ቁጥር ይወሳል። ይኸው ታሪክ ጣሊያናዊው ባለቅኔ ዳንቴ ዘንድ ደርሶ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ የአውሮፓን ሊቃውንት ለአሥርታት አከራክሯል። ክርክሩን ወደፊት ከገፉት አንዱ ደግሞ በኢትዮጵያ በደንብ የሚታወቅ ሰው ነው፦ ግእዝና አማርኛ፣ ዐረብኛና ኦሮምኛ ያጠና፣ በአዲስ አበባ በዲፕሎማትነት የሠራ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ደግሞ ሐረርን ሊገዛ የተሾመ ኤንሪኮ ቼሩሊ።

ነገሩን የቆሰቆሰው ስፔናዊው ቄስና የዐረብኛ ሊቅ ሚጌል አሲን ፓላሲዮስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1919 ባሳተመው ጥናት፣ በዳንቴ ‹ዲቪና ኮሜዲያ› ውስጥ ያሉት የሲኦልና የገነት ሥዕሎች ከመዕራጅ ትረካዎች ጋር እጅግ እንደሚቀራረቡ ጻፈ። የዳንቴ 600ኛ ሙት ዓመት ሊከበር ሁለት ዓመት ሲቀረው የመጣ ሐሳብ ነበርና ብዙ ጣሊያናውያን አልወደዱትም። ተቃውሟቸው ግን ቁጣ ብቻ አልነበረም። ዳንቴ ዐረብኛ አያውቅም፤ ታዲያ በየት በኩል ደረሰው?

ቼሩሊ እ.ኤ.አ. በ1949 በቫቲካን ያሳተመው ‹የመሰላሉ መጽሐፍ› መንገዱን አሳየ። በ13ኛው መቶ ዘመን የካስቲሊያው ንጉሥ አልፎንሶ 10ኛ፣ አብርሃም የተባለ አይሁዳዊ ሐኪሙን የመዕራጅን ትረካ ከዐረብኛ ወደ ስፓኒሽ እንዲተረጉም አዘዘው። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1264 የሲየናው ቦናቬንቱራ የተባለ ጣሊያናዊ ጸሐፊ ወደ ላቲንና ወደ ፈረንሳይኛ መለሰው። የስፓኒሹ ቅጂ ጠፍቷል፤ ላቲኑ በፓሪስና በቫቲካን፣ ፈረንሳይኛው በኦክስፎርድ ተገኘ። ዳንቴ በሞተ በጥቂት አሥርታት ውስጥ ፋሲዮ ዴሊ ኡቤርቲ የተባለ ሌላ ጣሊያናዊ ገጣሚ ይህን መጽሐፍ በስሙ እንደሚጠቅሰውም ቼሩሊ አሳይቷል። ሙስሊም የተረከውን አይሁዳዊ ተረጎመው፣ ክርስቲያን አሻገረው። ስፔናዊው ሙኞስ ሴንዲኖም በዚያው ዓመት በራሱ መንገድ ያንኑ ጽሑፍ በማድሪድ አሳትሟል።

ቼሩሊ ግን «ዳንቴ ከዚህ ገለበጠ» ብሎ አልደመደመም። መጽሐፉ በዳንቴ ዘመን በሰው እጅ እንደነበረ አረጋግጦ የቀረውን ለክርክር ተወው። ትልቁ ብቃቱም እዚህ ላይ ነው፤ ተመሳሳይነትን ቆጥሮ ከመርካት ይልቅ ጽሑፉን ማን ይዞት እንዳለፈ፣ በየትኛው ከተማና በየትኛው ዓመት እንደሆነ ይፈልጋል።

ይህን ልማድ ቀደም ሲል በኢትዮጵያ ጽሑፎች ላይ ሠርቶበታል። እ.ኤ.አ. በ1943 ባወጣው ሥራ የ‹ተአምረ ማርያም›ን ምንጮች ተከተለ። ብዙዎቹ ታሪኮች በ12ኛው መቶ ዘመን በፈረንሳይ ተሰብስበው፣ በመስቀል ጦርነት ዘመን ወደ ምሥራቅ ተሻግረው፣ በዐረብኛ ተተርጉመው፣ በዐፄ ዳዊት ዘመን ግድም ወደ ግእዝ ገብተዋል፤ ኢትዮጵያውያን ደግሞ የራሳቸውን ተአምራት ጨመሩባቸው። በየቤተ ክርስቲያኑ የሚነበበው መጽሐፍ በዐረብኛ በኩል አልፎ መጣ ማለት ነው።

በዚህ የጽሑፎች ጉዞ ውስጥ የእጨጌ እንባቆም ሕይወት ከሁሉ በላይ ያስደንቃል። የመናዊ ሙስሊም ሆነው ተወልደው ኢትዮጵያ ውስጥ ክርስትናን ተቀበሉ፤ የደብረ ሊባኖስም አለቃ ለመሆን በቁ። በ‹አንቀጸ አሚን› ከግራኝ አሕመድ ጋር ሲከራከሩ ቁርኣንን እየጠቀሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1553 የ‹በረላምና ይዋስፍ›ን ታሪክ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መለሱ፤ መነሻው የቡድሃ ሕይወት ሲሆን፣ በዐረብኛ፣ በጆርጂያኛና በግሪክኛ በኩል አውሮፓም ደርሷል።

ከሙስሊሙ ኢትዮጵያ ታሪክም ቼሩሊ ትልቅ ነገር አውጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1941 ያሳተመው በሐረር የተገኘ የዐረብኛ ዜና መዋዕል የሸዋውን የመኽዙሚ ሱልጣኔት ታሪክ ይዟል፤ ሱልጣኔቱ እ.ኤ.አ. በ1285 በወላስማ ሥርወ መንግሥት እጅ ወደቀ። ሸዋን በክርስቲያን ነገሥታት ብቻ ለሚያስብ አንባቢ ይህ ሰነድ ካርታውን ይለውጥበታል።

አሁን ግን ሊታለፍ የማይችለው ነገር አለ። ግንቦት 1929 ዓ.ም. በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ትእዛዝ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ሲጨፈጨፉ ቼሩሊ የፋሺስቱ መንግሥት ባለሥልጣን ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት የአገዛዙ ምክትል ገዥ ሆኖ አዲስ አበባ ገባ። ከጭፍጨፋው ስድስት ዓመት በኋላ ደግሞ የዚያኑ ገዳም እጨጌዎች ዝርዝር በትጋት መርምሮ ማሳተም ጀመረ። ሥራው ዛሬም ይጠቅማል፤ ሲነበብ ግን ያማል። ከነጻነት በኋላ ኢትዮጵያ ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን ካቀረበቻቸው 10 ጣሊያናውያን አንዱ እሱ ነበር፤ ፍርድ ቤት ግን አልቀረበም። በቴህራን አምባሳደር ሆነ፤ ቆይቶም በሮም የሊንቼይ አካዳሚን መራ። እ.ኤ.አ. በ1988 ሲሞት ከ300 በላይ የኢትዮጵያ ብራናዎችን በስሙ ለቫቲካን ቤተ መጻሕፍት አስረክቦ ነበር። ሊቅነቱ ሹመቱን አያጥብለትም፤ ሹመቱም ያገኘውን እውነት ሐሰት አያደርገውም። ሁለቱንም አንድ ላይ ይዞ ማንበብ የእኛ የባለጉዳዮቹ ሥራ ነው።

ገና ብዙ የሚቀረው ሥራ ደግሞ እዚሁ አርሲ ውስጥ አለ። በአረፋ ሰሞን ጫፉ ባላ የሆነ በትር ይዘው ወደ ባሌ ድሬ ሼህ ሁሴን የሚጓዙ ምእመናን በኦሮምኛ የሚያዜሟቸውን ውዳሴዎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያጠናቸው የለንደኑ ምሁር አንድዤዬቭስኪ ነበር። የሼህ ሁሴን ተአምራት በዐረብኛ ተጽፈው ካይሮ ላይ ታትመዋል። ከዐረብኛው ገድል ወደ ኦሮምኛው ዜማ ምን እንደተሻገረ፣ የአርሲ ሰው በራሱ ምን እንደጨመረበት በየስንኙ እየተከተሉ ማሳየት ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ተማሪ ከጢቾ ተነስቶ አሰላ ላይ ካለው አርሲ ዩኒቨርሲቲ ቢገባ፣ የቼሩሊን ዘዴ ያለ ቼሩሊ ሹመት ሊሠራበት ይችላል።