የረጋ ስሪት፣ ወራጅ ስሪት

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና አዲስ የሚባል ፕሮሰሰር ካላገኘ በወጉ አልጫንም ይላል። አገራችን ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ላፕቶፕ ብዙው ያገለገለ ዴል፣ ኤችፒ ወይም ሌኖቮ ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ ዕድሜያቸው የገፋው ይህን መስፈርት አያልፉም። ማሽኑን ሳይጥሉ የደኅንነት ጥገና እያገኙ ለመቀጠል አንዱ መንገድ ሊነክስ ነው። ሊነክስ ልጫን ብሎ የተነሣ ሰው ግን ገና ፍላሹን ሳይሰካ አንድ ምርጫ ይጠብቀዋል፤ በእንግሊዝኛው ‹ስቴብል› የሚባለውን ይውሰድ ወይስ ‹ሮሊንግ ሪሊዝ› የሚባለውን?

መጀመሪያ ቃላቱን እናስተካክል። ሊነክስ ብቻውን ከርነል፣ ማለትም የሥርዓቱ እምብርት ነው። ከርነሉን በሺህ ከሚቆጠሩ ፕሮግራሞች ጋር አሰናድተው የሚያቀርቡት ዴቢያን፣ ኡቡንቱ፣ ፌዶራ፣ አርች የመሳሰሉት ናቸው፤ እነዚህን ስርጭት እንላቸዋለን። እያንዳንዱ ስርጭት በየጊዜው የሚያወጣውን ደግሞ፣ ስልኮቻችንም የለመዱት ቃል ስለሆነ፣ ስሪት እንበለው።

‹ስቴብል›ን ‹የተረጋጋ› ማለት ቀላል ነበር። ችግሩ ‹የተረጋጋ› ስንል ሰላም የሆነ፣ እንከን የሌለበት ማለታችን ነው። እኔ ‹የረጋ› የሚለውን እመርጣለሁ። ወተት ሲረጋ ባለበት ይያዛል፤ ጉድፍ ገብቶበት ከነበረ ጉድፉም አብሮ ይረጋል። የረጋ ስሪትም እንዲሁ ነው፤ ከወጣበት ቀን ጀምሮ የፕሮግራሞቹ ባሕርይ አይለወጥም ማለት እንጂ ስሕተት የለበትም ማለት አይደለም።

‹ሮሊንግ›ን በቀጥታ ‹ተንከባላይ› ብንለው የቢሮ ሰው ይስቅብናል፤ ከበጀት ዓመት ወደ በጀት ዓመት የሚንከባለለው ያልተሠራ ሥራ ነውና። ይህ ስሪት ግን ያለ ዕረፍት የሚሠራበት ነው። ‹ወራጅ ስሪት› ይሻላል። (ታክሲ ውስጥ ‹ወራጅ አለ› ማለት የለመደ ጆሮ ትንሽ ሊያስቸግር ይችላል፤ ይለመዳል።) ወራጅ ስሪት ቁጥር ተሰጥቶት በዓመትና በሁለት ዓመት የሚወጣ አይደለም። የፕሮግራሙ ደራሲዎች አዲስ ነገር ባወጡ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ወደ ተጠቃሚው ማሽን ይፈስሳል። አርች እና የኦፕን ሱሴው ታምብልዊድ የዚህ ወገን ናቸው።

አረጋጉን ለማየት ዴቢያንን መውሰድ ጥሩ ነው። ኢያን መርዶክ በ1993 እ.ኤ.አ. የጀመረው ይህ ስርጭት ዛሬም በበጎ ፈቃደኞች ይሠራል። አዲስ የመጣ ፕሮግራም መጀመሪያ የሚገባው ‹ሲድ› ወደሚባለው ክፍል ነው። ዴቢያን ለስሪቶቹ ስም የሚያወጣው ‹ቶይ ስቶሪ› ከተባለው ፊልም ገጸ ባሕርያት ሲሆን፣ ሲድ እዚያ ውስጥ መጫወቻ እየሰባበረ የሚያስቸግረው የጎረቤት ልጅ ነው፤ ስሙ በከንቱ አልተሰጠም። ፕሮግራሙ ለጥቂት ቀናት ከባድ ስሕተት ሳይገኝበት ከቆየ ወደ ‹ቴስቲንግ›፣ ማለትም ወደ መፈተሻው ይሻገራል። በሁለት ዓመት ገደማ አንዴ መፈተሻው ይዘጋል፤ ለወራት አዲስ ነገር ሳይገባበት ስሕተት ብቻ ይለቀማል። ከዚያ የተረፈው የረጋ ስሪት ተብሎ ይወጣል። ከወጣ በኋላ የሚገባው የደኅንነት ጥገናና የከባድ ስሕተት እርማት ብቻ ነው። እርማቱም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ አዲሱን ፕሮግራም በማምጣት ሳይሆን ጥገናውን ወደ አሮጌው መልሶ በመስፋት ነው የሚሠራው። ስለዚህ የፕሮግራሙን ቁጥር አይቶ ‹ይሄ እኮ አሮጌ ነው፣ ቀዳዳው አልተደፈነም› ማለት ብዙ ጊዜ ያሳስታል።

ኡቡንቱ በሁለት መልክ ይወጣል። በየስድስት ወሩ የሚያወጣቸው ስሪቶች ድጋፋቸው ዘጠኝ ወር ብቻ ነው። በየሁለት ዓመቱ ግን ‹ኤልቲኤስ› የሚለውን፣ እኛ ረጅም ድጋፍ ያለው የምንለውን ስሪት ያወጣል፤ ለእሱ አምስት ዓመት ነጻ የደኅንነት ጥገና ይሰጣል። 24.04 የሚለው ቁጥር የወጣበት የፈረንጅ ዓመትና ወር ነው፤ በእኛ ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ፌዶራ በመሐል ይገኛል፤ በየስድስት ወሩ ይወጣል፣ ድጋፉ 13 ወር ያህል ነው።

ወራጁን የሚወዱ ሰዎች ‹አዲሱ ይበልጥ የተስተካከለ ነው› ይላሉ። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም. የወጣው ወሬ ግን ቆም አድርጎ የሚያሳስብ ነበር። አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል የማይክሮሶፍት መሐንዲስ በዴቢያን ሲድ ላይ ሲሠራ፣ ወደ ሌላ ማሽን በርቀት የሚገባበት ኤስኤስኤች ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየበት። ነገሩን ሲከታተል ኤክስዜድ የተባለው የፋይል መጭመቂያ ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የኋላ በር አገኘ። የቀበረው ሰው ከሁለት ዓመት በላይ ታማኝ ተባባሪ መስሎ የፕሮግራሙን ኃላፊነት እስከመያዝ ደርሶ ነበር። በሩ የነበረባቸው 5.6.0 እና 5.6.1 የተባሉት ቁጥሮች በሲድና በመፈተሻው፣ በታምብልዊድ፣ በፌዶራ የሙከራ ስሪቶች ገብተዋል፤ የረጋው ዴቢያን 12 ዘንድ ግን አልደረሱም።

ከዚህ ተነሥቶ ‹የረጋው ሁልጊዜ ያድናል› የሚል ካለ ይቸኩላል። ዴቢያን ራሱ በ2006 እ.ኤ.አ. ኦፕን ኤስኤስኤል በተባለው የምስጠራ ፕሮግራም ላይ ባደረገው ለውጥ ምክንያት የሚፈጠሩት ሚስጥራዊ ቁልፎች በቀላሉ የሚገመቱ ሆነው ነበር። ስሕተቱ በረጋው ስሪት ውስጥም ገብቶ እስከ ግንቦት 2000 ዓ.ም. ሳይታወቅ ቆይቷል። ወተቱ ውስጥ የገባው ጉድፍ ይኸ ነው። የኤክስዜድን በር ያገኘው ሰውም ቢሆን ሲድን ይጠቀም ስለነበር ነው ያገኘው። ወራጁን የሚጠቀሙ ሰዎች ለረጋው ተጠቃሚ ቀድመው የሚቀምሱ ናቸው፤ ሁላችንም የረጋውን ብንመርጥ ማን ይቀምስልናል?

ምርጫውን በተግባር ለማየት ወደ ጉንደ ወይን እንምጣ። በምሥራቅ ጎጃም የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በዚህች ከተማ አንድ ላፕቶፕና አንድ ፕሪንተር ይዞ ደብዳቤ የሚጽፍ፣ ፎርም የሚሞላ፣ ኮፒ የሚያነሣ ሰው እናስብ። ለእሱ ዋናው ጥያቄ ‹የትኛው ነው አዲሱ?› ሳይሆን ‹ኢንተርኔት ሳይኖር የትኛው ሳይበላሽ ይቆያል?› ነው። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር አንባቢ ያስታውሳል። ወራጅ ስሪት የተሠራው ዘወትር ኔትዎርክ ላለው ሰው ነው። አርችን ለወራት ሳያዘምን የቆየ ሰው አንድ ፕሮግራም ብቻ ልጨምር ቢል፣ አዲሱ ፕሮግራም ከአሮጌው ሥርዓት ጋር ላይገጥም ይችላል፤ የአርች ሰዎችም ከፊሉን ብቻ ማዘመን አይደገፍም ብለው በግልጽ ጽፈዋል። ሁሉን ባንዴ ላዘምን ሲል ደግሞ የፕሮግራሞቹ ፊርማ የሚረጋገጥባቸው ቁልፎች በማሽኑ ላይ አርጅተው ይጠብቁታል። እነሱን አስተካክሎ፣ የወራት ክምር ጊጋባይት በካርድ አውርዶ፣ መሐል ላይ መብራት ካልጠፋ፣ ይጨርሳል። የረጋው ስሪት ያለው ሰው ከተመሳሳይ ዝምታ በኋላ የሚጠብቀው የጥገና ዝርዝር ነው፤ ማሽኑም ባለፈው የሚያውቀው ማሽን ሆኖ ይነሣል።

ዴቢያን ለእንዲህ ያለ ቦታ ሌላም ጥቅም አለው። ያለ ኢንተርኔት የሚጫን 4 ጊጋባይት ገደማ የሆነ የዲቪዲ ቅጂ ያቀርባል። ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር የሄደ ሰው በፍላሽ ይዞት ቢመጣ ሊብሬ ኦፊስን ጨምሮ አብዛኛው የጽሕፈት ሥራ ይሠራበታል።

የአማርኛ ጽሕፈት አዲስ ስሪት አይፈልግም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሥርዓቱም ፎንቱም ተላምደውታል። የጉራጌኛ ጽሕፈት የሚጠቀምባቸው ተጨማሪ ፊደላት ግን የገቡት በ2021 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 14 ነው። ከዚያ በፊት የረጋ ስሪት ላይ የሚሠራ ሰው በፊደል ፈንታ ባዶ ሣጥን ሊያይ ይችላል። የዚህ መድኃኒቱ አዲስ ፎንት አውርዶ መጨመር ነው፤ ለአንድ ፎንት ሲባል ሥርዓቱ ሁሉ ፎርማት አይደረግም። የአንድ ፕሮግራም አዲስ ቁጥር ሲያስፈልግም ዴቢያን ‹ባክፖርትስ› የሚለው ማከማቻ አለ፤ ‹ፍላትፓክ› የሚባለው መንገድም አለ፣ ግን ዳታ ይበላል።

ወራጁን በሙሉ ልብ የምመክረው ለሁለት ሰው ነው። አንዱ ገና ከካርቶኑ የወጣ ላፕቶፕ ገዝቶ ዋይፋዩ ወይም ግራፊክሱ በረጋው ከርነል ያልታወቀለት ነው፤ እሱም ቢሆን ፌዶራን ወይም የኡቡንቱን አዳዲስ ከርነሎች አስቀድሞ ይሞክር። ሁለተኛው ፕሮግራመር ወይም ተማሪ ሆኖ መሰባበሩን ራሱን ሊማርበት የሚፈልግ፣ ዋይፋይም የማይቸግረው ሰው ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ ደንበኛ ተሰልፎ የሚጠብቀው ሰው ከሁለቱም አይደለም። ሰርቨር የሚያስተዳድሩም የሚያዘነብሉት ወደ ረጋው ነው፤ ጤና ሚኒስቴራችን መረጃ የሚሰበስብበት የዲኤችአይኤስ2 የመጫኛ መመሪያ የሚጠቅሰው ረጅም ድጋፍ ያለውን ኡቡንቱ ነው።

የረጋ መሆኑ ብቻ ግን አይበቃም፤ የድጋፉ ማብቂያም ይታይ። እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ይደገፋል የተባለውን ሴንትኦኤስ 8 የሚባል የረጋ ስሪት ባለቤቱ ሬድ ሃት ሐሳቡን ቀይሮ በ2021 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አቋርጦታል። ስለዚህ ከመጫንዎ በፊት ቀኑን አይተው በላፕቶፑ ጀርባ ይጻፉት። ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. የወጣው ዴቢያን 13 ሦስት ዓመት ሙሉ ድጋፍና ሁለት ዓመት የደኅንነት ጥገና አለው፤ የኡቡንቱ 24.04 መደበኛ ድጋፍ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ይዘልቃል።