የቃላት መማሪያ ስልቶች በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት
የቃላት መማሪያ ስልት ተማሪው አዲስ ቃል ሲገጥመው ያለ መምህር እርዳታ የሚረዳበትና የሚያስታውስበት መንገድ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ እንዲሆን ስለደነገገ፣ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ባዮሎጂንም ታሪክንም የሚያጠናው በዚሁ ቋንቋ ነው፤ የቃላት እጥረቱ በሁሉም ትምህርት ይጎዳዋል።

ከዐውድ መገመት፣ ቃሉን ከነዓረፍተ ነገሩ በደብተር መያዝና መዝገበ ቃላት ማየት የተለመዱ ናቸው። ቃልን ወደ ክፍሎቹ መበተን ግን ከሁሉ የላቀ ትኩረት ይገባዋል። ተማሪው ዘወትር የሚሰማቸው «ኢምፖርት»፣ «ኤክስፖርት»ና «ትራንስፖርት» መሸከም ከሚል የላቲን ሥር የወጡ ናቸው፤ «ኢም» ወደ ውስጥ፣ «ኤክስ» ወደ ውጭ፣ «ትራንስ» ማሻገርን ያመለክታሉ። ኒውዚላንዳዊው ምሁር ፖል ኔሽን አልፎ አልፎ የሚገጥሙ ቃላትን አንድ በአንድ ከማስተማር የመማሪያ ስልቶችን ማስተማር ይበልጣል ባይ ነው።