መንገድ ያወረሱ አባቶች

ከጉራጌዋ ከተማ ከወልቂጤ አዲስ አበባ 158 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዛሬ በማለዳ የተሳፈረ ሰው ምሳውን መርካቶ ይበላል። በአፄ ምኒልክ ዘመን ግን የጉራጌ ጎልማሳ ቆጮውን ቋጥሮ በእግሩ ነበር የሚወጣው። ከቤቱ ያስወጣው ግብር ነው። በ1880ዎቹ መጀመሪያ በምኒልክ ጦር ላይ በሐሰን ኢንጃሞ የተመራው ተጋድሎ ተሸንፎ አገሩ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ሲገባ፣ ገበሬው ለግብር የሚከፍለው ብር ማግኘት ነበረበት። እንሰት ደግሞ ቤተሰብ ይመግባል እንጂ ብር አያፈራም።

ከተማ የገባው አባወራ ሸክም ተሸከመ፣ የቀን ሥራ ሠራ፣ ጥቂት ሲቋጥር ንግድ ጀመረ። ዓመቱን ሙሉ ከልጆቹ ተለይቶ ቢከርምም ክርስቲያኑ ለመስቀል፣ ሙስሊሙ ለአረፋ አገሩ ይገባል። በበዓሉ በሬ ይታረዳል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ ሽማግሌ ይመርቃል። ባለቤቱም ከጎረቤቶቿ ጋር በውጆ፣ ማለትም በቅቤ ዕቁብ፣ ለዚያ ቀን ስታጠራቅም ከርማለች። ለእነዚህ ሰዎች ለቤተሰብ ማደርና ለእምነት ማደር በአንድ ጉዞ የሚፈጸሙ ግዴታዎች ነበሩ።

ጉዞው ግን ከባድ ነበር። በክረምት የሞላ ወንዝ ለመስቀል የሚመጣውን መንገደኛ ሊያስቀር ይችል ነበር፤ የታመመች እናትም ሐኪም ሳታይ ልትሞት ትችል ነበር። ይህን ችግር ለመፍታት በ1950ዎቹ አዲስ አበባ የሚኖሩ ጉራጌዎች ተሰባስበው የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅትን አቋቋሙ። ከአስተባባሪዎቹ መካከል ሌተናል ጄኔራል ወልደሥላሴ በረካ ይገኙበታል። ነጋዴው፣ ወታደሩ፣ የቀን ሠራተኛው፣ አገር ቤት ያለው ገበሬም አዋጣ፤ የመንግሥት ድጋፍም ታከለበት። ከወልቂጤ በእምድብር አድርጎ ወደ ሆሳዕና የሚዘልቀው መንገድ የዚህ ጥረት ፍሬ ነው። በቡታጅራ በኩልም በዚያው ዘመን የዓለም ገና–ወላይታ ሶዶ መንገድ ሥራ ማኅበር ተነሣ። ገንዘቡ ሲዋጣ የመስቀል አክባሪና የአረፋ አክባሪ ተብሎ አልተከፈለም፤ መንገዱ የሁለቱም ነበርና።

ይህ አስተሳሰብ ከተማ የተማሩት አይደለም። በጉራጌ መንደር ቤቶቹ ትይዩ የሚቆሙበት ሰፊ የሣር ጎዳና፣ ጀፎረ፣ አለ። ሠርግም ለቅሶም የሚውለው እዚያ ነው፤ ማንም ቆርሶ የግሉ ሊያደርገው አይችልም። በጀፎረ ላይ ያደጉ ሰዎች መንገድ የጋራ ሀብት መሆኑን ማንም እንዲነግራቸው አላስፈለገም።

የተጀመረው በመንገድ አልቆመም። ትምህርት ቤት ማሠራትም ተከተለ፤ የኋላው የጉራጌ ሕዝብ ራስ አገዝ ልማት ድርጅትም የዚሁ ልማድ ወራሽ ነው። ታሪኩ ሲወሳ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠራው የአባወራው ስም ብቻ ነው። እሱ መርካቶ ላይ ብር መቋጠር የቻለው እንሰቱን ፍቃ፣ ልጆቹን አሳድጋ፣ ቤቱን ያቆመች ሴት አገር ቤት ስለነበረች ነው። ለመንገዱ ካዋጡት ሰዎች መካከል እሷም ልትቆጠር ይገባል።