ከኤፕሪል እስከ ጁን 1970፦ «ዋር ፒግስ» እንዴት የፖለቲካ ዘፈን ሆነ

ኤፕሪል 26 ቀን 1970 አራት የበርሚንግሃም ወጣቶች በቢቢሲ የጆን ፒል የሬዲዮ ዝግጅት ላይ «ዋልፑርጊስ» የተባለ አዲስ ዘፈን ተጫወቱ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቡድኑ ብላክ ሳባዝ ነው፤ የመጀመሪያ አልበሙ ከወጣ ገና ሦስት ወር አልሞላውም። በጁን ወር ያንኑ ዘፈን ለሁለተኛው አልበማቸው ለ«ፓራኖይድ» ለንደን ውስጥ ሲቀርጹት ሙዚቃው በዋናነት እንደነበረ ነበር። ግጥሙ ግን ተለውጧል፤ ስሙም «ዋር ፒግስ»፣ ማለትም «የጦርነት አሳማዎች» ሆኗል። ከሃምሳ ዓመት በላይ ይህ ዘፈን ከሄቪ ሜታል የፀረ ጦርነት ዘፈኖች ሁሉ ቀዳሚው ተብሎ ሲወደስ፣ አብሮም «የቬትናም ዘፈን» እየተባለ ሲጠራ ኖሯል። ሙገሳውን እቀበላለሁ። «የቬትናም ዘፈን» የሚለውን ግን ማስረጃው አይደግፈውም።

ከጽሑፉ እንጀምር። የኤፕሪሉ ቅጂ አልጠፋም፤ በ1997 በወጣው የቡድኑ ዘፋኝ የኦዚ ኦዝቦርን የዘፈኖች ስብስብ ውስጥ ሕዝብ ሰምቶታል። በዚያ ግጥም ውስጥ የሚሰበሰቡ ጠንቋዮች፣ የሚነድ አስከሬን፣ በኮረብታ ላይ የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ እሳት የሚወረወር ቄስ አሉ። ጄኔራል ግን የለም። ፖለቲከኛም የለም። ርዕሱ የመጣው በአውሮፓ ትውፊት ጠንቋዮች ተራራ ላይ ይሰበሰቡበታል ከሚባለው ከኤፕሪል 30 ሌሊት ነው፤ ግጥሙም ከዚያ ትውፊት ብዙ ፈቀቅ አይልም።

በጁኑ ግጥም ጠንቋዮቹ አልተባረሩም፣ ማነጻጸሪያ ሆኑ እንጂ። አሁን የሚሰበሰቡት ጄኔራሎች ናቸው፤ ስብሰባቸውም የጠንቋዮችን ማኅበር ይመስላል ይባላል። ሁለተኛው ክፍል ወደ ፖለቲከኞች ይዞራል፦ ጦርነቱን የጫሩት እነርሱ ሆነው ራሳቸው ይሸሸጋሉ፣ ለውጊያ የሚልኩትም ድሃውን ነው። በመጨረሻው ክፍል የፍርድ ቀን ይመጣል። ያዘዙት ሁሉ በጉልበታቸው እየዳኹ ምሕረት ይለምናሉ፤ ሰይጣን እየሳቀ ይቀበላቸዋል። እንግዲህ የፖለቲካው ይዘት በሙሉ ወደ ዘፈኑ የገባው ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ጁን ባሉት ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው። እስካሁን ይህን ዘፈን የተረጎሙ ብዙዎች ለዚህ ቀላል እውነት የሚገባውን ክብደት አልሰጡትም።

ለምን ተለወጠ? ግጥሙን የጻፈው የባስ ጊታር ተጫዋቹ ጊዘር በትለር በተደጋጋሚ የሰጠው መልስ አለ። በእርሱ አባባል ዘፈኑ ከመጀመሪያውም የጦርነት ዘፈን ነበር፤ እውነተኛው የሰይጣን አምልኮ ጦርነት ነው፣ አገልጋዮቹም ፖለቲከኞች ናቸው ለማለት «ዋልፑርጊስ» ብሎ ሰየመው፤ አሳታሚው ኩባንያ ርዕሱን ከሰይጣን አምልኮ ጋር የተያያዘ አድርጎ ስላየው ተቀየረ። ምስክርነቱ የባለቤቱ ስለሆነ ክብደት አለው። ይሁን እንጂ ከዓመታት በኋላ የተነገረ ነው፤ የኤፕሪሉ ግጥም ደግሞ ለብቻው ሲነበብ ይህን ሐሳብ አያሳይም። እኔ የምገምተው ሐሳቡ በጸሐፊው ልብ ቀድሞ እንደነበረ፣ በወረቀት ላይ የወጣው ግን ግጥሙን እንደገና እንዲጽፍ በተገደደ ጊዜ እንደሆነ ነው። የኩባንያው ተቃውሞ ጠንቋዮቹን ለማስወጣት ታስቦ የፖለቲካውን ክስ ካስገባ፣ ሳንሱር ፈላጊው ያላሰበውን ፍሬ አፈራ ማለት ነው።

ሁለተኛው ምስክር ዘፋኙ ኦዚ ኦዝቦርን ነው። ኦዝቦርን ስለ ቬትናም ምንም እንደማያውቁ፣ ዘፈኑ በጠቅላላው ጦርነትን የሚቃወም ብቻ እንደሆነ ተናግሯል። የአንድምታ መምህራን ሁለት ፍቺዎችን «አንድም» እያሉ ጎን ለጎን እንደሚያስቀምጡ እነዚህን ሁለት ቃሎች አስቀምጦ ማለፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን አልበሙ ራሱ ምስክር ነው። እዚያው «ፓራኖይድ» አልበም ላይ «ሃንድ ኦፍ ዱም» የሚባል ዘፈን አለ፤ ስለ ሄሮይን ሱስ የተጻፈ ነው፣ ቬትናምንም ናፓልምንም በስማቸው ይጠራል። በትለር መነሻውን ሲያስረዳ ቡድኑ በአሜሪካ ጦር ሰፈሮች ሲጫወት ያያቸውን፣ ከጦርነቱ ሱሰኛ ሆነው የተመለሱ ወታደሮች ይጠቅሳል። ስለዚህ ኦዝቦርን ስለ ራሱ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ስለ ግጥም ጸሐፊው ግን ትክክል አይደለም። በትለር ቬትናምን ያውቅ ነበር።

የክርክሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንድ ጸሐፊ በአንድ አልበም ውስጥ ቬትናምን በአንዱ ዘፈን በስም ጠርቶ በሌላው ካልጠራት፣ አለመጥራቱን እንደ ምርጫ ማንበብ ይገባል። «ዋር ፒግስ» አገር አይጠራም፣ መሪ አይጠራም፣ ዓመት አይጠራም። የሚጠራው ሥልጣንን ነው፦ ጄኔራል፣ ፖለቲከኛ፣ ድሃ። ቬትናም ዘፈኑ የተጻፈበት ዘመን አየር ናት፤ ተከሳሹ ግን ከእርሷ ይሰፋል።

በትለር ብሪታንያ ወደ ቬትናም ጦርነት ልትገባ ጫፍ ላይ ነበረች ብሎ ያስታውሳል። የመንግሥት መዛግብት ከዚህ ጋር አይስማሙም። ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ዊልሰን ከዋሽንግተን ቢገፋፉም ጦር አልላኩም። የግዳጅ ውትድርና ምልመላ በ1960 ቆሟል፣ የመጨረሻዎቹ ምልምሎችም በ1963 ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። ሆኖም ስጋትም የታሪክ መረጃ ነው። ማርች 17 ቀን 1968 በለንደን ግሮቭነር አደባባይ፣ ከአሜሪካ ኤምባሲ ፊት ለፊት፣ ሰልፈኞችና ፖሊስ ክፉኛ ተጋጭተዋል። ሃያ ዓመት ላልሞላው የበርሚንግሃም ልጅ የምልመላ ወረቀቱ ዛሬ ወይም ነገ ቤቱ ይደርሳል የሚለው ፍርሃት በካቢኔ ቃለ ጉባኤ የሚሻር አልነበረም። የቡድኑ አባላት ያደጉበት የአስተን ሰፈርም ጦርነትን የሚያውቀው ከጋዜጣ አልነበረም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ቦምብ በርሚንግሃም ውስጥ ከ2,200 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ ከጦርነቱ በኋላ የተወለዱት ልጆች በፍርስራሹ መሃል ሲጫወቱ አደጉ።

ብዙ ሰው ከዚህ ተነሥቶ በዘፈኑ መክፈቻ የሚሰማውን የአየር ጥቃት ማስጠንቀቂያ ጩኸት የቡድኑ የልጅነት ትዝታ አድርጎ ይተረጉመዋል። ደስ የሚል ትርጓሜ ነው፣ ግን አይጸናም። ጩኸቱንና ዘፈኑ ሲያልቅ የሚፈጥነውን ክፍል የጨመሩት ፕሮዲውሰሩ ሮጀር ቤይንና የድምፅ ባለሙያው ቶም አሎም ናቸው፤ ሙዚቀኞቹ ወደዱት እንጂ አላዘዙትም።

የአልበሙ ስምም በተመሳሳይ ጥንቃቄ መታየት አለበት። አልበሙ መጀመሪያ «ዋር ፒግስ» ሊባል ነበር። ሽፋኑ ላይ ሰይፍና ጋሻ ይዞ የሚወረወረው ሰው ለዚያ ርዕስ የተዘጋጀ ነው፤ ከ«ፓራኖይድ» ጋር ምንም አያገናኘውም። ኩባንያው የቬትናም ጦርነትን ደጋፊዎች ፈርቶ ቀየረው የሚለው ወሬ በሰፊው ይነገራል። የተረጋገጠው ግን ሌላ ነው፦ «ፓራኖይድ» ለአልበሙ ማሟያ በጥድፊያ የተሠራ አጭር ዘፈን ሆኖ ለብቻው ሲወጣ ተወዳጅ ሆነ፣ በብሪታንያ ሰንጠረዥም 4ኛ ደረጃ ደረሰ። አልበሙ በሴፕቴምበር 1970 በዚሁ ስም ወጥቶ አንደኛ ሆነ። ለስሙ መቀየር ገበያው በቂ ምክንያት ነው፤ ፍርሃቱ ቢኖር እንኳ ያለ እርሱም ውሳኔው ይገባል።

አንድ ፈተና ይቀራል። ፕሬዚዳንት ኒክሰን የአሜሪካ ጦር ካምቦዲያ እንደገባ ለሕዝባቸው ያሳወቁት ኤፕሪል 30 ቀን 1970 ነበር፤ በአውሮፓ ትውፊት ያ ቀን የዋልፑርጊስ ሌሊት ነው። ከአራት ቀን በኋላ ይህን በመቃወም በተካሄደ ሰልፍ ላይ፣ በአሜሪካው ኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ዘቦች አራት ተማሪዎች ገድለው ዘጠኝ አቆሰሉ። ግጥሙ የተለወጠውም በእነዚሁ ሳምንታት ነው። ታሪክ ጸሐፊን የሚያጓጓ መገጣጠም ነው፤ ሆኖም ከዚህ ዜና ወደ በትለር ብዕር የሚወስድ አንድም ማስረጃ ስለሌለ፣ መገጣጠሙን መዝግቤ ከዚያ አላልፍም።

የዘፈኑን ትክክለኛ የፖለቲካ ቦታ ለማወቅ የክሱን አጨራረስ ማየት ይሻላል። የዚያ ዘመን የግራ ፖለቲካ መፈክር ሕዝቡን ለትግል ይጠራል፤ «ዋር ፒግስ» ግን ማንንም ወደ አደባባይ አይጠራም። ፍርዱ የእግዚአብሔር ነው። በትለር ከአየርላንድ በመጡ ካቶሊኮች ቤት ያደገ ሰው ነው፤ በ1971 በተከተለው አልበም ላይ «አፍተር ፎርኤቨር» በሚለው ዘፈን እምነትን በግልጽ ተከላክሏል። ስለዚህ ሰይጣን በስም ስለተጠራ ብቻ ይህን ዘፈን የሰይጣን ውዳሴ ያደረጉት ሰዎች አንብበውት አያውቁም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሰይጣኑ ለበደለኞች የተዘጋጀ ቅጣት ነው። የመጀመሪያውን አልበም በ«ሮሊንግ ስቶን» ያጣጣለው ሃያሲ ሌስተር ባንግስ እንኳ በ1972 «ክሪም» መጽሔት ላይ ሐሳቡን ለውጦ ብላክ ሳባዝን እንደ ሥነ ምግባር ሰባኪዎች አቅርቧቸዋል። ትክክል ነበር።

በእኔ ፍርድ «ዋር ፒግስ» የሠራተኛው መደብ ልጅ፣ የካቶሊክ አስተዳደግ ባስተማረው የፍርድ ቋንቋ፣ ጦርነት የሚያዝዙትን በሚዋጉት ስም የከሰሰበት ዘፈን ነው። ድካምም አለበት፤ በምድር ላይ ምን ይደረግ ለሚለው መልስ የለውም። ግን አገር ስላልጠራ ከ1975 በኋላ፣ የቬትናም ጦርነት ሲያበቃ፣ አብሮ አላረጀም። ጁላይ 5 ቀን 2025 አራቱ የመጀመሪያ አባላት በአስተን በሚገኘው ቪላ ፓርክ ስታዲየም የመጨረሻ ኮንሰርታቸውን ሲያቀርቡ መጀመሪያ የተጫወቱት ይህንኑ ዘፈን ነው።