ቀሚስ ለብሶ መሸሽ

«ሳም ላይክ ኢት ሆት» ሲባል ሁሉም የሚያነሣው ማሪሊን ሞንሮን ነው። እኔ ግን ስለ ዳይሬክተሩ ላውራችሁ። ቢሊ ዋይልደር አይሁዳዊ ነበር፤ ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ በ1933 እ.ኤ.አ. ከበርሊን ሸሸ። እናቱ በናዚዎች እልቂት ጠፋች።

በ1959 ያወጣው ይህ ፊልም ታሪኩ የ1929 ነው። ቶኒ ከርቲስና ጃክ ሌመን የወንበዴዎችን ግድያ በዓይናቸው ያዩ ሙዚቀኞች ናቸው፤ ነፍሳቸውን ለማዳን ቀሚስ ለብሰው፣ ተኳኩለው ይሸሻሉ። ኩሉና ቀለሙ በባለቀለም ፊልም አረንጓዴ እየመሰለ ስላስቸገረ በጥቁርና ነጭ ተቀረጸ። ለስድስት ኦስካር ታጭቶ ያሸነፈው በልብስ ብቻ ነው፤ በዚያው በመደበቂያው!

ታዲያ «ተራ ቀልድ ነው» የምትሉ ወገኖች፣ እስቲ ደግማችሁ እዩት። ሰዎቹ እኮ የሚሸሹት ከሞት ነው፤ ያሳቀንም ሰው ሽሽትን በስማ በለው አላወቀውም።