የፎግሎዋ ልጅ

እስቲ ጠጋ በሉ፣ ላውጋችሁ። በስዊድንና በፊንላንድ መካከል፣ በባልቲክ ባሕር ላይ፣ ኦላንድ የሚባሉ ደሴቶች አሉ፤ ግዛታቸው የፊንላንድ ነው፣ ሰዉ የሚናገረው ግን ስዊድንኛ። ብርዱ ሲጠና ባሕሩ በረዶ ይሆናል፣ ሲሞቅ ጀልባው ከደሴት ደሴት ይመላለሳል። ከደሴቶቹ በአንዷ፣ በፎግሎ፣ ልጆቹን በደም መፍሰስ የሚነጠቅ ቤተሰብ ነበረ። አራት ሴት ልጆች ገና በሕፃንነታቸው ደም ፈስሷቸው ሞቱ፤ ሌላዋ እህታቸውም በ3 ዓመቷ ከንፈሯ ቆስሎ ደሟ 3 ቀን ሙሉ አልቆም አለና ከሞት አፋፍ ተመለሰች፤ ከዚያም በፈረንጆቹ 1924፣ 5 ዓመት ሲሆናት፣ ባሕር አሻግረው ሄልሲንኪ ወሰዷት፤ እዚያም ዶክተር ኤሪክ ፎን ቪለብራንድ ተቀበሏት።

ዶክተሩ ሄሞፊሊያ የሚባለውን፣ ደም አልረጋ የሚልበትን በሽታ ያውቃሉ፤ እሱ ግን አብዝቶ የሚይዘው ወንዶችን ነው፣ ይህቺ ደግሞ ሴት ናት። የተቀዳ ደሟን ሲያዩት በጊዜው ይረጋል፣ ደም እንዲቆም የሚያግዘው ፕሌትሌት የተባለው የደም ክፍል ሲቆጠር አልጎደለም፣ ቆዳዋ ሲወጋ ግን ደሙ እምቢ ይላል። ከዚያ ምን አደረጉ? እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት እንደምንቆጥረው ዘመዶቿን መቁጠር ያዙ፤ ከ66 ሰዎች 23ቱ ደም የሚያስቸግራቸው ሆነው ተገኙ፤ 16ቱ ሴቶች፣ 7ቱ ወንዶች፣ ነገሩም በእናቷም በአባቷም ወገን ነበረ። ይህንኑ በ1926 ጽፈው አሳተሙ። እኔ ከሁሉ የማደንቅላቸው ይህን ነው፤ በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ደም በዛብኝ ብትል ማን ጉዳዬ ይላታል?

ልጅቷ ግን አልተረፈችም። በ13 ዓመቷ፣ በአራተኛው የወር አበባዋ፣ ደሟ አልቆም ብሎ ሞተች። ነፍሷን ይማር።

ዓመታት አለፉ፣ ዶክተሩም በ1949 ዐረፉ፣ ከዚያም በ1957 ሐኪሟ ኢንጋ ማሪ ኒልሶንና ባልደረቦቿ ከስዊድን ወደ ኦላንድ ተሻገሩ። ከፕላዝማ፣ ማለትም ከደም ፈሳሽ ክፍል፣ የተለየ ፕሮቲን ለነዚህ በሽተኞች ሲሰጥ መድማቱ እንደሚገታ አሳዩ፤ ከሄሞፊሊያ ታማሚ የተወሰደው እንኳ ሠራ! ለካ ፕሌትሌቱ ደኅና ነው፤ የጎደለው ፕሌትሌቱን ከተጎዳው የደም ሥር ጋር የሚያያይዘው ፕሮቲን ነው፤ ዛሬ በዶክተሩ ስም ይጠራል። በ1985 የዚህ ፕሮቲን ዘረመል ተለየ፣ መቀመጫውም 12ኛው ክሮሞሶም ላይ ሆነ፤ በ1990ዎቹ ደግሞ የዚያው የኦላንድ ቤተሰብ ዘረመል ተመረመረና ሳይቶሲን የምትባል አንዲት ቅንጣት ጎድላ ተገኘች። ያን ሁሉ ሕፃን የቀጠፈችው እሷ ናት። ጉድለቱን ከሁለቱም ወላጆቹ የወረሰ ልጅ ሕመሙ ይከፋበታል።

እናንተም ቤት ነስር የሚደጋግመው ልጅ፣ ጥርሱ ተነቅሎ ደሙ አልቆም ያለ ሰው፣ ወይም የወር አበባዋ የሚበረታባት ልጅ ካለች፣ «እናቷም እንዲህ ነበረች» ብላችሁ አትለፉት፤ ሐኪም ቤት ስትሄዱ መጀመሪያ የምትናገሩት እሱኑ ይሁን።