ካትሪን ሜይትላንድ

ካትሪን ሜይትላንድ ብሪታንያዊት የሕፃናት ሐኪምና ተመራማሪ ሲሆኑ፣ በለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ የሐሩር ክልል የሕፃናት ተላላፊ በሽታዎች ፕሮፌሰር ናቸው። አብዛኛውን ሥራቸውን ያከናወኑት ግን በኬንያ የባሕር ዳርቻ በምትገኘው ኪሊፊ፣ የኬንያ የሕክምና ምርምር ተቋምና ዌልካም ትረስት በጋራ ባቋቋሙት ማዕከል ነው። በወባ፣ በደም መመረዝ ወይም በከባድ የደም ማነስ ተይዞ በጠና የታመመ ልጅ ሆስፒታል እንደደረሰ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ምን ይደረግለት? የምርምራቸው ዋና ጥያቄ ይህ ነው።

ስማቸውን ከሁሉ በላይ ያስጠራው በ2011 (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመው «ፊስት» የተባለው ጥናት ነው። ሐኪም የታመመን ልጅ ጥፍር ጫን አድርጎ ሲለቀው የነጣው ቦታ ወዲያው ሊቀላ ይገባል። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ከፈጀ፣ እግሩ ከቀዘቀዘ ወይም የእጁ የደም ሥር ምት ከደከመ ደም ወደ አካላቱ በሚገባ እየደረሰ አይደለም ማለት ነው። በበለጸጉ አገሮች ለዚህ የሚሰጠው ሕክምና በደም ሥር ብዙ ፈሳሽ በፍጥነት ማስገባት ነበር፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ በኪሎ እስከ 60 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 600 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው።

በምሥራቅ አፍሪካ ሆስፒታሎች ይህ አሠራር ገና አልተስፋፋም ነበርና ፈሳሹን ያገኙትንና ያላገኙትን ማወዳደር ተቻለ። በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ በሚገኙ ስድስት ሆስፒታሎች ትኩሳትና ከላይ የተጠቀሱት ዓይነት የደም ዝውውር መዳከም ምልክቶች ያሉባቸው፣ ንቃታቸው የቀነሰ ወይም ለመተንፈስ የተቸገሩ 3,141 ሕፃናት በዕጣ ተደለደሉ፦ አንዱ ቡድን አልቡሚን (የደም ፕሮቲን ያለበት ፈሳሽ)፣ አንዱ ኖርማል ሳላይን (የጨው ውሃ) በፍጥነት ተሰጠው፤ ሦስተኛው በፍጥነት የሚሰጥ ፈሳሽ ሳያገኝ የተለመደው ሕክምና ብቻ ተደረገለት። የተቅማጥ በሽታና ከባድ የምግብ እጥረት ያለባቸው ልጆች በጥናቱ አልተካተቱም። ሜይትላንድ ራሳቸው በ2005 ባሳተሙት አነስ ያለ ጥናት አልቡሚን ከሳላይን የተሻለ መስሎ ስለታየ የብዙዎች ግምት ፈሳሹ ሕይወት ያድናል የሚል ነበር።

ውጤቱ ተቃራኒው ሆነ። በ48 ሰዓት ውስጥ ፈሳሽ በፍጥነት ካልተሰጣቸው ልጆች 7.3 በመቶ፣ አልቡሚን ካገኙት 10.6 በመቶ፣ ሳላይን ካገኙት 10.5 በመቶ ሞቱ። ፈሳሹ በፍጥነት ባይሰጣቸው ኖሮ ከ100 ልጆች ከ3 በላይ የሚሆኑት ባልሞቱ ነበር ማለት ነው። መረጃውን የሚከታተለው ገለልተኛ ኮሚቴ ምዝገባው እንዲቆም አሳሰበ፤ ጥናቱም ከታቀደው ጊዜ በፊት ተቋረጠ።

ብዙ ተቃውሞ ተነሣ። ሆስፒታሎቹ የመተንፈሻ መሣሪያም ሆነ የጽኑ ሕሙማን ክፍል የላቸውም፣ ከልጆቹም ከግማሽ በላይ ወባ ነበረባቸው ተባለ። ነገር ግን ወባ ባለባቸውም በሌለባቸውም፣ ከተነጻጸሩት ንዑሳን ቡድኖች በአንዱም እንኳ ፈሳሹ ጥቅም አላሳየም። እንዲህ ያሉ ሆስፒታሎች ደግሞ በርካታ የአፍሪካ ሕፃናት የሚታከሙባቸው ናቸውና ትችቱ የጥናቱን ዋጋ አይቀንሰውም። በ2013 የወጣው ተከታይ ትንተና ተጨማሪውን ሞት ያመጣው ሳንባ ውስጥ የተከማቸ ውሃ ሳይሆን በዋናነት የልብና የደም ዝውውር መዳከም መሆኑን አመለከተ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ባወጣው መመሪያ የሾክ (ደም ወደ አካላት በሚገባ ያለመድረስ) ምልክቶች በሙሉ ለታዩበት ልጅም ቢሆን ፈሳሹ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በዝግታ፣ በኪሎ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር እንዲሰጥ መከረ። በ2020 የወጣው ዓለም አቀፍ የሕፃናት ሴፕሲስ (የደም መመረዝ) መመሪያም የጽኑ ሕሙማን ክፍል በሌለበት፣ የልጁ የደም ግፊት ካልወረደ፣ ፈሳሽ በፍጥነት እንዳይሰጥ ይመክራል። በሌሎች ተመራማሪዎች በዛምቢያ በአዋቂዎች ላይ ተሠርቶ በ2017 የታተመ ጥናትም ፈሳሽን አብዝቶ መስጠትን ያካተተ የሕክምና አሠራር ሞትን እንደሚጨምር አሳይቷል።

ሜይትላንድ ቀጥለው ወደ ደም አሰጣጥ አመሩ። በኡጋንዳና በማላዊ ተካሂዶ በ2019 የታተመው «ትራክት» የተባለው ጥናት ሄሞግሎቢናቸው (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል) ከ4 እስከ 6 ግራም በዴሲ ሊትር የሆነና ሌላ አስጊ ምልክት የሌለባቸው ልጆች ደም ወዲያው ባይሰጣቸውም፣ ክትትል እየተደረገላቸው ሲያስፈልግ ብቻ ቢሰጣቸው፣ በ28 ቀን ውስጥ የሞት ልዩነት እንደሌለ አረጋገጠ። ደም እንደልብ በማይገኝበት አካባቢ ይህ ትልቅ ግኝት ነው። ምን ያህል ደም ይሰጥ ለሚለውም ትኩሳት ወሳኝ ሆኖ ተገኘ፦ ትኩሳት የሌለባቸው በኪሎ 30 ሚሊ ሊትር ሲያገኙ የተሻለ ውጤት ታየ፤ ትኩሳት ላለባቸው ግን አነስ ያለው መጠን፣ በኪሎ 20 ሚሊ ሊትር፣ ይሻላል። በ2021 የታተመው የኦክስጅን አሰጣጥ ጥናት «ኮስት» ከታቀደው በፊት ስለቆመ ቁርጥ ያለ መልስ አላስገኘም።